ሳይኮሎጂን በማይነር ለመያዝ ላሰባችሁ

የእህቴ ልጅ ከስማዳ፣ ከወገዳ ተነስታ እኔ ወዳለሁበት እስቴ መካነ ኢየሱስ የመጣችው ለዘመድ ጥየቃ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቶናው ሲቀዳ ነው። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ላማክር ነው የመጣሁ" አለችኝ። የፍሬሽማን ዓመቷን ጨርሳ ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ደርሷታል። ኢኮኖሚክሱን አልጠላችውም፤ ነገር ግን ሳይኮሎጂን በማይነር መያዝ ትፈልጋለች። ወረቀቱ ላይ ስድስት ኮርሶች በቅደም ተከተል ጽፋለች። የመጀመሪያው "አብኖርማል ሳይኮሎጂ" ነው።

ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው እንጂ እኔም የጻፍኩት ዝርዝር የሚጀምረው በዚያው ኮርስ ነበር። ያ ዝርዝር በእኔ ላይ ምን እንዳመጣ፣ ከእኔም አልፎ በአንዲት እናት ላይ ምን እንዳደረሰ ጥቂት ቆይቼ አጫውታችኋለሁ።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በየዓመቱ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ከዚያም ርቀው የሚሄዱ ልጆች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አባት በግ ሸጦ መሳፈሪያ ሊሰጥ ይችላል፤ የትኛው ኮርስ ከየትኛው እንደሚቀድም ግን ሊነግር አይችልም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኳትን እዚህ ልጻፈው፤ የሚጠቅመው ይጠቀምበት።

ማይነር ምንድን ነው?

ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ሁለት ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ድጓን ዋና ሙያው አድርጎ ዝማሬ መዋሥዕትን ሊጨምርበት ይችላል። የጨመረው ዋናውን ያጠናክርለታል እንጂ አይተካለትም። ደግሞም ፊደል ሳይለይ ንባብ፣ ንባብ ሳያውቅ ዳዊት፣ ጾመ ድጓ ሳይዘልቅ ድጓ የሚሞክር የለም። ማይነር ማለት በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ዲግሪ የምትይዙበት ዋናው መስክ ሜጀር ሲባል፣ በጎን በተወሰኑ ተያያዥ ኮርሶች የምታዳብሩት ሌላ መስክ ደግሞ ማይነር ይባላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ክሬዲት፣ ማለትም አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ገደማ ይጠይቃል።

በእኛ አገር ማይነር ዕድሉ ከዲግሪው ዕድሜ ጋር ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል። እኔ በ1991 ዓ.ም ስገባ ዲግሪ አራት ዓመት ነበር፤ "ሜጀርህ ምንድን ነው? ማይነርህስ?" ብሎ መጠያየቅ የተለመደ ነበር። በ1996 ዓ.ም የፍሬሽማኑ ዓመት ወደ መሰናዶ ትምህርት ወርዶ ብዙው ዲግሪ ሦስት ዓመት ሲሆን ለጎን ኮርስ የሚተርፈው ቦታ ጠበበ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ ፍሬሽማን ተመለሰ። ከተመለሱት የጋራ ኮርሶች አንዱ "ጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስ" ነው። ስለ መማር፣ ስለ ማስታወስና መርሳት፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ስብዕና፣ ስለ አእምሮ ሕመም በጨረፍታ ያስተምራል። ዛሬ ኢንጂነሪንግ የሚገባውም ሕግ የሚገባውም ይህን ቀምሶ ነው የሚያልፈው። የብዙዎቹ ፍላጎት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ የእህቴ ልጅም እንደዚያው።

ማይነር የማይሰጣችሁ ነገር

እህቴ ወሬውን ስትሰማ፣ "የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው እንዴ ያስተማርኳት?" ብላ ነበር አሉ። ሦስት ነገሮች ተደባልቀውባታል፤ የተደባለቁት በእሷ ብቻም አይደለም።

ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው። ሕክምና ተምሮ ጨርሶ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው። ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ሳይኮሎጂስት ደግሞ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ በሳይንስ መንገድ ያጠና ነው፤ ሰውን ለማከም ወይም ለማማከር ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ መማርና በባለሙያ ሥር መሠልጠን አለበት። በማይነር ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ከሁለቱም አይደለም። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ የሆነ፣ ስለ ሰው ጠባይ ከሌሎች የኢኮኖሚክስ ምሩቃን በተሻለ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በቃ።

ይህን ስነግራት ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። "ታዲያ ምን ይረባኛል?" አለችኝ። እኔም የራሴን ታሪክ ነገርኳት።

እኔ የሠራሁት ስህተት

ሜጀሬ እንግሊዝኛ ነበር። ሳይኮሎጂን የጨመርኩት ስሙ ስለሚያምር ነው። ከኮርሶቹ ሁሉ አጓጊው አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ ማለትም ስለ አእምሮ ሕመም የሚያስተምረው ስለሆነ እሱን አስቀደምኩ። ሰልቺው ስታቲስቲክስ ስለነበር ወደ መጨረሻ ገፋሁት። መጽሐፉን ባነበብኩ ቁጥር ሕመሙ ሁሉ የእኔ መሰለኝ፤ ሰኞ ጭንቀት፣ ረቡዕ ድብርት፣ ዓርብ ሌላ። የራሴን ስጨርስ ወደ ሰው ዞርኩ።

በ1993 ዓ.ም ክረምት ለእረፍት ወደ ቤት ስመጣ የጎረቤታችን ሴትዮ ልጇ በባድመ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም ነበር። ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ስሙን እየጠራች ታወራዋለች፤ ድምፁን እሰማለሁም ትላለች። ታናሽ ልጇ ጠየቀኝ፤ የተማርኩ ነኛ! እኔም በሙሉ ልብ፣ "ይሄ ስኪዞፍሬንያ ይባላል፤ ከባድ የአእምሮ በሽታ ነው" አልኩት። አንድ ቃል ነው የተናገርኩት። ቃሉ ግን መንደሩን ዞረ። ልጆቿ አፍረው ሰው እንዳያያት አደረጉ፤ ከቡና ቀረች፣ ከማኅበር ቀረች። ሐዘኗ ላይ እኔ ብቸኝነት ጨመርኩባት።

በኋላ እንደተማርኩት፣ የሚወዱትን ሰው ያጡ ብዙ ሰዎች የሟቹን ድምፅ የሰሙ ወይም በቤት ውስጥ ያለ ሊመስላቸው ይችላል፤ ይህ ብቻውን እብደት አይደለም፣ ሐዘን ነው። ያንን የሚያስተምረው ኮርስ ደግሞ እኔ ለወደፊት ብዬ ያቆየሁት ነበር። ሴትዮዋን መልሰው ወደ ሰው ያመጧት የማኅበር ጓደኞቿ ናቸው። አስከሬን ባይኖርም የልጁን ልብስና ፎቶግራፍ አውጥተው እንደ ወጉ አለቀሱለት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ማውራቷ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ይቅርታ የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ "ልጅ ነበርክ" አለችኝ።

የስታቲስቲክሱ ነገርስ? ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ከሜጀር ኮርሴ ጋር ሰዓቱ ገጠመብኝ። አንድ ኮርስ ጎደለኝ። ትራንስክሪፕቴ ላይ ዛሬም የሳይኮሎጂ ኮርሶቹ ከነማርካቸው አሉ፤ ማይነር የሚለው ቃል ግን የለም። የአምስት ኮርስ ድካም በአንድ ኮርስ ምክንያት ስም አጣ።

እቅዱ እንዴት ይሠራ?

አንደኛ፤ ከኮርስ አትጀምሩ፣ ከጥያቄ ጀምሩ። ሜጀራችሁ ብቻውን የማይመልሰው፣ እናንተን ግን እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ዳንኤል ካነማን ሳይኮሎጂስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በኢኮኖሚክስ ነው። ከባልደረባው ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር ካሳዩት አንዱ፣ ሰው አንድ ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ ነው። በጉና ግርጌ ድርቅ እየመጣ መሆኑን እያየ በሬውን ዋጋው ሳይወድቅ መሸጥ ያቃተው ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ለግብርና ተማሪ፣ ገበሬው አዲሱን ዘር ለምን እንደሚጠራጠር፤ ለሕግ ተማሪ፣ የምስክር ትዝታ ምን ያህል እንደሚታመን፤ ለነርስ፣ ታማሚው መድኃኒቱን ለምን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ። ማይነር የሚረባው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፤ ሕጉን በወረቀት አግኙ። ዲፓርትመንታችሁ ካሪኩለም አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሴኔት ሌጅስሌሽን አለው። ማይነር ይፈቀዳል ወይ? ስንት ኮርስ ነው? የፍሬሽማኑ ሳይኮሎጂ ይቆጠራል ወይ? ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋል ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለሁለቱም ዲፓርትመንቶችና ለሬጅስትራር አቅርቡ። መልሱ በቃል ከሆነ በጽሑፍ ይሁንልኝ በሉ፤ ኃላፊ ይቀያየራል፣ ወረቀት ግን ይቆያል። ሌላም አለ፤ ግማሹ ሰነድ በክሬዲት፣ ግማሹ በኢሲቲኤስ ይቆጥራል። 3 ክሬዲት ያለው ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሁለቱን ደባልቃችሁ አትደምሩ።

ሦስተኛ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አንድ ኮርስ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ሲሆን ፕሪሪኩዚት ይባላል። መሠረቱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው። ቀጥሎ የሚመጡት፣ ሰው ከሕፃንነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠናው ዲቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂና ሰው በሰው መካከል እንዴት እንደሚያስብ የሚያጠናው ሶሻል ሳይኮሎጂ ናቸው። ከነሱ ጋር፣ ዘግይቶ ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይያዝ። አብኖርማልና የምክር አገልግሎት፣ ማለትም ካውንስሊንግ፣ ከነዚህ በኋላ ናቸው። ጤነኛውን ጠባይ ሳያውቁ ሕመሙን ማጥናት እኔን የት እንዳደረሰኝ አይታችኋል።

ስታቲስቲክስ ለምን እንደማልተወው ልንገራችሁ። ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና የውጭ ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በመጠየቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፤ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። ካገኟቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። "በገጠር የአእምሮ ሕመም የለም" የሚለው ወሬ የወደቀው በሌላ ወሬ አይደለም፣ በቆጠራ ነው። መቁጠር የማይችል ሰው ስለ ሰው ጠባይ የሚለው ሁሉ ከገበያ ወግ አያልፍም።

አራተኛ፤ በሴሚስተር ከፋፍሉት። ነጭ ወረቀት አግድም አድርጋችሁ የቀሯችሁን ሴሚስተሮች በሳጥን ክፈሉ። መጀመሪያ የሜጀሩን ግዴታ ኮርሶች ሙሉ፤ ቀጥሎ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡትን የሳይኮሎጂ ኮርሶች ቦታ ስጡ፤ የቀረው ይሞላል። በሴሚስተር ከአንድ የማይነር ኮርስ አትለፉ። የመጨረሻውን ሴሚስተር ባዶ ተዉት፤ የተሰረዘ ወይም የተጋጨ ኮርስ የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋችኋል። በአሁኑ ዘመን በየምክንያቱ የትምህርት ካላንደር ሲዛባ አይታችኋልና ክፍተቱ ቅንጦት አይደለም።

አምስተኛ፤ ዋናው ዋና መሆኑን አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚፈትናችሁ በሜጀራችሁ እንጂ በማይነራችሁ አይደለም። ማይነሩ የሜጀሩን ውጤት መሸርሸር ከጀመረ በአድና ድሮፕ ጊዜ ጣሉት። አያሳፍርም።

ስድስተኛ፤ ማይነር አይፈቀድም ከተባላችሁ አትመለሱ። ካሪኩለሙ ውስጥ ኢሌክቲቭ የሚባል የምርጫ ኮርስ ካለ በሳይኮሎጂ ሙሉት፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በሁለቱ መስኮች ድንበር ላይ አድርጉት። የሳይኮሎጂ መምህሩን በትሕትና ከጠየቃችሁት በክፍሉ ጥግ ተቀምጣችሁ እንድትሰሙ ይፈቅድ ይሆናል። ስም ባይጻፍላችሁም እውቀቱ አብሯችሁ ይወጣል። ከእኔ የምትለዩት ይህን አስቀድማችሁ አውቃችሁ በመግባታችሁ ነው።

ለእኛ አካባቢ ለምን?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የእህቴን ልጅ፣ "ለመሆኑ ማን አሳሰበሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። የዶርም ጓደኛዋ ናት። ልጅቱ የነፋስ መውጫ ናት፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ትጮኻለች። የዶርሙ ልጆች ግማሾቹ ጠበል ትሂድ፣ ግማሾቹ ታስመስላለች ይላሉ። የእኔዋ ምን ማለት እንዳለባት አጥታለች።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለቀናት ይዘው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ ያነጋገራቸው 16 የከተማይቱ ሴቶች በታጣቂዎቹ የተፈጸመባቸውን የመድፈርና ሌላ ጥቃት ተናግረዋል። ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያው ጉዳትና ዝርፊያ ደርሶባቸው ስለነበር በዚያ ወቅት የተሟላ እርዳታ ማግኘት አልቻሉም። ከዚያም ወዲህ አገሩ ከተኩስ አላረፈም፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነስቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ ሳይኮሎጂ ቢያጓጓው አይፈረድበትም። ጉጉቱ ግን ሰውን ሊረዳም ሊጎዳም ይችላል።

ስለዚህ ድንበሩን አሰመርኩላት። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ባለሙያ ላልሆነ ሰውም የሚሆን ሦስት ነገር አለው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ጓደኛሽ ደህና ቦታ ላይ መሆኗን እይ። ልታወራሽ ከፈለገች ሳታቋርጪ ስሚ፤ ካልፈለገች አታስገድጂ፤ "ምን ሆነሽ ነበር?" እያልሽ ቁስሉን አትነካኪ። ቀጥሎ እርዳታ ወደሚገኝበት፣ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ፣ ወደ ምክር አገልግሎት፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል አብረሻት ሂጂ። ጠበል ልሂድ ብትልሽ አትከልክያት፤ ሐኪም የሰጣትን መድኃኒት ግን እንዳታቋርጥ አደራ በያት። የነገረችሽን ለማንም አትንገሪ፤ ለእኔም ጭምር። ለሕመሟም ስም አታውጪለት። ስም ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው። ይህን ያልኩት ስለማውቅ ነው።

ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው አዲስ መጻፍ ጀመረች። በላዩ ላይ ኮርስ ሳይሆን ጥያቄ ጻፈች። ስማዳ ውስጥ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲነሳ የሚወቀሰው ተረጂው ነው፤ "እጁን ዘርግቶ ለመደ" ይባላል። የእሷ ጥያቄ፣ "ነገ የሚበላውን የማያውቅ ሰው ስለ ከርሞ እንዴት ያስባል?" የሚል ነው። ለኢኮኖሚክስም ለሳይኮሎጂም የሚሆን፣ ለወገዳም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ከሥሩ ስታቲስቲክስን ሁለተኛ ዓመት መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አስቀመጠች። አብኖርማል ሳይኮሎጂ አራተኛ ዓመት ላይ ሄደ።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሳይነሳ በመስኮት፣ "ጋሼ፣ ለእማዬ ምን ልበላት?" አለችኝ።

"የእብድ ሐኪም አልሆንም በያት። ኢኮኖሚስት ነው የምሆነው፤ ግን ሰው ማዳመጥ የምችል።"

ቸር ይግጠመን።